ያልተቀቀለው ባና

ሞጣ ላይ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ተዘግቶ የቀረ አንድ የእህል መጋዘን አለ። ባለቤቱ መንገዱ ሰላም ሲያጣ በሩን ቆልፎ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። መጋዘኑ ባዶ ቀረ፤ በረንዳው ግን አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ተሸካሚው፣ ለማኙ፣ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ ሥራውም መመለሻውም የጠፋው፣ ከሰው ቤት የተባረረችው ሁሉ ሲመሽ እዚያ ይሰበሰባል። በረንዳም የራሱ ሹመት አለው። ቀድሞ የመጣ ነፋስ የማይገባበትን ጥግ ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣ ዝናብ የሚረጨው ጠርዝ ላይ ይተኛል። ጥጉ የፀሐይነሽ ነበር።

ፀሐይነሽ ዕድሜዋን ሲጠይቋት «ስድሳ ሳይሞላኝ አልቀረም» ትላለች። ቢቸና አጠገብ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ ከባሏ ከሀብተ ሥላሴ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። ልጅ አልወለዱም። ሀብተ ሥላሴ በዚህ አንድ ቀን ክፉ ተናግሯት አያውቅም፤ ወንድሞቹ ግን የታገሡት እሱ እስኪቀበር ብቻ ነው። በሙት ዓመቱ ማሳውን አረሱት፤ በተከታዩ ዓመት «ልጅ የሌላት ሴት ምን ሰፊ ቤት ያስፈልጋታል» ብለው ቤቱንም ጨመሩት። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይላል የአገሬ ሰው፤ የእሷ ዘመዶች አመዱንም ነው የነሷት። ከሽማግሌ ሽማግሌ ስትመላለስ ሁለት ክረምት አለፈ፤ በመጨረሻ በጉንደ ወይን በኩል በሚያልፍ የጭነት መኪና ተሳፍራ ሞጣ ወረደች። ሞጣ ዘመድ ኖሯት አይደለም፤ መኪናው የሚቆመው እዚያ ስለሆነ ነው።

ከቤቷ ይዛ የወጣችው ዕቃ አንድ ባና ነው። ባና ለማያውቅ ሰው፣ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን፣ የደጋ ሰው ያለሱ ክረምቱን የማይወጣው ከባድ የሌሊት ልብስ ነው። የእሷ ጥቁር ነበር። ሀብተ ሥላሴ በተጋቡበት ዓመት ከጮቄ ተራራ ከወረዱ ሸማኔዎች ቢቸና ገበያ ላይ ገዛላት። ሁለት ሰው ተጠቅልሎበት ይተርፋል፤ ካፊያ ቢመታው ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ቀን ቀን በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ ትቀመጥበታለች፤ ማታ ትለብሰዋለች። ስትለብሰው የቤቷ ጭስ የሚሸታት ይመስላታል። ያ ሽታ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል።

ሌላው ሀብቷ እጇ ነበር። ምግብ ላይ ያለ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሠኝ። በረንዳ ላይ የሚተኛ ሰው ቅማል አያጣም፤ የለበሰውን አውልቆ የሚለብሰው ሌላ ልብስ የለውማ። ፀሐይነሽ ጧት ፀሐይ ስትወጣ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና የሁሉንም ልብስ በየተራ ትቀምላለች። ስፌቱን ትገለብጣለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ያገኘችውን በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር መሀል አስገብታ ጠሽ ታደርገዋለች፤ ቅጫሙንም አታልፈውም። ባዘዘው የሚባል የመናኸሪያ ተሸካሚ «እማ ፀሐይ እጅ የገባ ቅማል ንስሐ እንኳ አይደርሰውም» እያለ ያስቃታል። አገሯ ሳለች የምትታወቀው በጠላዋ ነበር፤ እዚህ በጥፍሯ ታወቀች። ሰው አንድ የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ለእሷ የቀረላት ይኸው ነው።

አምሳለች የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከተማው ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አንድ የከባድ መኪና ረዳት «ደጀን ደርሼ እደውላለሁ» ብሏት ሄደ። ደጀን ይድረስ አይድረስ እግዜር ይወቅ፤ ስልኩ ግን ከዚያ ወዲያ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ሆዷ መግፋት ሲጀምር አሠሪዎቿ ልብሷን በፌስታል አድርገው በር ላይ ሰጧት። በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ፀሐይነሽ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለቻት።

«የቢቸና።»

ፀሐይነሽ የባናውን ጫፍ ገልጣ «ነይ ግቢ» አለቻት።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁለቱ አንድ ባና ለበሱ። አምሳለች እናቷን እንደምታናግር «እማ ፀሐይ፣ አንቺ» ትላት ጀመር። ቀን ቀን አምሳለች አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ሽንኩርት ስትልጥ ትውላለች፤ ፀሐይነሽ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ትቀመጣለች፤ ያገኙትን አንድ ላይ ይበላሉ። በግንቦት መጨረሻ ፅንሱ መገላበጥ ሲጀምር አምሳለች የፀሐይነሽን እጅ ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ ስድስት ዓመት በገዛ ሆዷ የጠበቀችውን ነገር ፀሐይነሽ በሌላ ሰው ልጅ ሆድ ላይ አገኘችው። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

«ክርስትና እናቱ አንቺ ነሽ» አለቻት አምሳለች። «ሌላ ማን አለኝ።»

እስቲ አስቡት። ለበረንዳ ሰው ክርስትና እናት መሆን በሕልም የማይመጣ ማዕረግ ነው። ደንቡ ለወንድ ልጅ ክርስትና አባት ቢልም፣ ለበረንዳ ልጅ ማን አባት ይቆምለታል ብለው ሁለቱም ነገሩን ቆርጠውታል። ከካህኑ እጅ ልጁን ተቀብላ፣ አልብሳ፣ አቅፋ በሰው ፊት የምትወጣው እሷ ናት። ደሀ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው ይባላል፤ ፀሐይነሽም ከዚያች ዕለት ወዲህ በሕልሟ ልጅ አቅፋ ነው የምታድረው። ምን ላልብሰው ብላ አልተጨነቀችም፤ ባናው አለ። ጫፉን ቆርጣ መታቀፊያ ልታደርግለት ወሰነች። ወንድ ከሆነ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ፤ በጣቷ እየቆጠረች ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ታደርሰዋለች። ይህ ልጅ በሰላም ከተወለደ፣ ከዚያ በኋላ ከእግዜር ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

ሐምሌ እንደገባ ባዘዘው ታመመ። ራሱን ቀፍድዶ ያዘው፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ገላው ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ለቀቀውና «ወባ ነበረች፣ ሄደች» ብሎ ጆንያ ሊሸከም ተነሣ። በሳምንቱ ተመልሶ ጣለው። ሲንቀጠቀጥ ያየች ፀሐይነሽ አምሳለችን በጆንያ ጠቅልላ ለብቻዋ አስተኝታ፣ ባናውን ለባዘዘው ሦስት ቀን አለበሰችው። ማንም አላዘዛትም፤ አንጀቷ አልችል ብሏት ነው። በአራተኛው ቀን ጓደኞቹ በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረሱትና ተረፈ። አጠገቡ ይተኛ የነበረው ሽማግሌ ለማኝ ግን በዚያው ሰሞን ሳይነሣ ነጋ።

ሲስተር ሰብለ ወንጌል የመጣችው ያኔ ነው። ከአሰላ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ቆማ አላዘዘችም፤ በረንዳው ላይ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። ፀሐይነሽን «እማማ፣ እርስዎ» ስትላት ፀሐይነሽ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ከቤቷ ከወጣች ወዲህ ያከበራት ሰው አልነበረማ።

«በሽታው ግርሻ ይባላል» አለች ሲስተር። «ሄደ ሲሉት ስለሚመለስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ነው። የሚያስይዘው ንክሻው አይደለም፤ በጥፍር ሲፈርጥ ከውስጡ የሚወጣው በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። እባካችሁ፣ በጥፍር መግደል ይቅር።»

በረንዳው በሙሉ ወደ ፀሐይነሽ አየ። ፀሐይነሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አፈረችም ተቆጣችም። ቅማል ከኖኅ ዘመን ጀምሮ በጥፍር ሲገደል ኖሮ ትናንት የተወለደች ልጅ መጥታ ታስተምረኝ እንዴ አለች በልቧ።

ሲስተር ነገሩን አስረዳች። ቅዳሜ ጧት በርሜልና ማገዶ ይመጣል። የሁሉም ጠጉር ይላጫል፣ ገላ ይታጠባል፣ ልብስ የተባለ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀቀላል። «አንድ ጨርቅ ከቀረ የለፋነው ሁሉ ከንቱ ነው» አለች። ከዚያ የአምሳለችን ሆድ አይታ ወደ ፀሐይነሽ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ይህችን ልጅ ይጠብቁልኝ። ይህ በሽታ ነፍሰ ጡር ከያዘ ፅንሱን አይምርም።»

«እጠብቃታለሁ» አለች ፀሐይነሽ። ከልቧ ነው ያለችው።

ዓርብ ዕለት አንድ ቦታ አልረጋችም። ነገሩን ታወጣለች ታወርዳለች። የዛሬ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ከየት እንደመጡ በረንዳው ላይ የሚያስታውስ የለም። «አዲስ እንሰጣችኋለን» ብለው ልብሱን ሰብስበው አቃጠሉት፤ አዲሱ ልብስ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ባናዋን ያተረፈችው ደብቃ ነው። አሁን ደግሞ መቀቀል ነው ተባለ፤ የደጋ ልጅ ግን ሱፍ የፈላ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ማንንም አትጠይቅም። ይኮማተራል፣ እንደ ኩበት ይደርቃል፣ ባናነቱ ይቀራል። ታዲያ ይህ ክረምት በምን ሊወጣ ነው? የልጁስ መታቀፊያ?

ስለዚህ ያመነችበትን አደረገች። ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ሰዓት ባናውን ዘርግታ ቀመለችው። ጠርዙን፣ መጋጠሚያውን፣ ክሩ የሳሳበትን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ሄደችበት። መጀመሪያ ብዙ አገኘች፤ ቀጥሎ ጥቂት፤ በመጨረሻ ምንም። «የእኔ እጅ ካላገኘው የለም» አለች። ይህንን ያለችው ለማጭበርበር አይደለም። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ በሙሉ ልቧ አምናዋለች። ከዚያ በከረጢት ከታ ከመጋዘኑ አጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ጀርባ ባዶ ጆንያ ከተከመረበት ሥር ሸሸገችው።

ቅዳሜ በርሜሎቹ ተጣዱ። ከተማው ቆሞ አየ። የተላጨው ባዘዘው ራሱን እየዳበሰ «እንግዲህ ጵጵስና ብቻ ቀረኝ» ብሎ አሳቀ። አንድ በአንድ ልብሳቸውን አስረክበው ከጤና ጣቢያው በመጣ አንሶላ ተጠቀለሉ። ተራው ፀሐይነሽ ጋ ሲደርስ ሲስተር ቀሚሷንና ነጠላዋን ተቀበለቻት።

«እማማ፣ ባና ነበረዎት ሲሉ ሰማሁ።»

«ተሰረቀብኝ።»

«መቼ?»

«ትናንት። ኪዳነ ምሕረትን!»

ሲስተር ትንሽ አየቻት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተዋል አይደል?» አለች ፈገግ ብላ፣ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እኔ በሲስተር አልፈርድም። በታቦት ስም የማለችን አሮጊት ከረጢቷን አራግፊ ማን ይላታል? ፀሐይነሽ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በሐሰት ምላ አታውቅም ነበርና የቀረውን ቀን ፊቷን ከኪዳነ ምሕረት አቅጣጫ አዙራ ዋለች።

ልብሱ ተቀቅሎ ገመድ ላይ ሲሰጣ ገና ስድስት ሰዓት ነበር። በስምንት ሰዓት ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ቁርጥ አይልም። ሲመሽ ሁሉም የራሱን እርጥብ ልብስ ጨምቆ ለበሰ። አምሳለች ጠጉሯ ተላጭቶ፣ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጥጉ ውስጥ ተቀምጣለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«እማ ፀሐይ፣ እሱንም ይበርደው ይሆን?» አለች።

ይህንን ሰምታ የምትቀመጥ ምን ዓይነት ሴት ናት? ፀሐይነሽ በዝናቡ ውስጥ ሄዳ ከረጢቱን ይዛ ተመለሰች።

«ተሰረቀ አላልሽም?»

«ሌባው አዘነልንና መለሰው።»

አምሳለች ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሳይቀቀል?»

«ቀምዬዋለሁ። አንድ የለበትም፤ የእኔን እጅ አታውቂውም?»

«አንቺ ከቀመልሽውማ» አለች አምሳለች፣ ገባች።

ሁለቱም ሞቃቸው። ልጁም ሞቆት ይሆናል፣ እግሩን ዘረጋ፤ ፀሐይነሽ መዳፏ ሥር ተረከዙን አገኘችው። በሕይወቷ ከዚያች ምሽት የበለጠ ደስታ አላየችም። ይህን ብዙ ቆይታ ለባዘዘው ነግራዋለች፤ እሱም ቃሏን ሳይቀይር ነው የነገረኝ።

በዘጠነኛው ቀን አምሳለች ራሷን አመማት። ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ ከተማው ለጾሙ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ይጎርፋል። ፀሐይነሽ «ብርድ ነው» አለች። ማታ ገላዋ ፈጀ። «ብርድ ነው» አለች ደግማ። እንዳልሆነ ግን አውቃለች፤ የባዘዘውን ትኩሳት በዚሁ እጇ ዳስሳዋለች። ጤና ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ተነሥታ ሁለት ጊዜ እደጁ ድረስ ሄደች፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ሲስተር ከየት መጣ ብላ ትጠይቃለች፤ ያኔ ባናውም መሐላውም ይወጣል። ዛሬ ይለቃት ይሆናል፣ ነገ ይለቃት ይሆናል እያለች ሁለት ቀን አሳለፈች። ቅማሉ አንድ ነገር ሠራ፤ ሁለቱን ቀን የሠራው ግን ፍርሃቷ ነው፤ ይህን ማንም ሊያስተባብልላት አይችልም።

በሦስተኛው ቀን ጧት አምሳለች የተኛችበት ጆንያ ላይ ደም ታየ። ያኔ ፀሐይነሽ ሮጠች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወደቀባት፣ አላነሣችውም። ሲስተር ባጃጅ አስመጥታ ልጅቷን ወሰደቻት፣ ደሟን አስመረመረችና ግርሻ መሆኑን አረጋገጠች፣ መርፌ ወጋቻት። ከመርፌው በኋላ አምሳለች አልጋው እስኪንቋቋ ተንቀጠቀጠች። «መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታው እንዲህ ያደርጋል፤ ያልፋል፣ አይፍሩ» አለች ሲስተር። ከዚያ ወደ ፀሐይነሽ ዞረች። «ሁሉንም ቀቅለን ነበርኮ እማማ። ከየት መጣ?»

ፀሐይነሽ ጎንበስ ብላ የአምሳለችን እግር ማሸት ጀመረች።

አምሳለች ተረፈች። ልጁ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ሲስተር በፋሻ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በባዶ የግሉኮስ ካርቶን አድርጋ ለፀሐይነሽ ሰጠቻት፤ የሚቀብረው ሌላ ዘመድ አልነበረም። ከካህን እጅ ልትቀበለው የነበረውን ልጅ ከነርስ እጅ በካርቶን ተቀበለችው። ክርስትና አልተነሣምና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይቀበርም፤ ከኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከአካፋ ይልቅ በእጇ ቆፍራ አስገባችው። ውስጥ የፍልሰታ ቅዳሴ ይሰማል። ገብታ መሳለም አማራት፤ የኪዳነ ምሕረትን ስም በሐሰት የጠራ አፍ ይዛ ወደዚያ በር መቅረብ ግን ፈራች። ከውጭ ቆማ ግንቡን ነካችና ሄደች።

በማግስቱ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ከቅዳሜው በርሜሎች አንዱን ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ አንከባላ አመጣች። የሣጥን ስባሪ ለቅማ እሳት አነደደች፣ ውሃው ሲንተከተክ ባናውን ከተተችው። ባዘዘው «እማ ፀሐይ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ይበላሻልኮ!» ብሎ ሊያወጣው ቢሞክር በእንጨቱ እጁን መታችው። እስኪመሽ ቀቀለችው። በእንጨት እያገላበጠች ደበደበችው፣ ጨምቃ መልሳ ከተተችው፣ ውሃው ጠቁሮ ሲያልቅ ሌላ ጨመረች። አንድ ቅማል ከዚያ ውስጥ ወጥቶ በዓይኗ እንድታየው ፈልጋ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ልታውቀው። ምንም አላየችም። ሲወጣ የባናው ክር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ቁርበት ወፍሯል። ሁለት ሰው ተጠቅልሎበት የሚተርፈው ልብስ ቆማ ስትለካው ከወገቧ በታች ቀረ። ሲደርቅ ደግሞ ይብስ ተኮማተረ። ዘርግታ አየችው። ለሕፃን ልክ ነበር።

አምሳለች ከአምስት ቀን በኋላ ወጣች። በእግሯ፣ ቀስ እያለች መጣችና ጥጉ ውስጥ ተቀመጠች። ፊቷ ከስሏል። ጡቷ ወተት ሞልቶ ቀሚሷን አርጥቦታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ጥቁር ጨርቅ አየች፣ አወረደቻት፣ ጭኗ ላይ ዘረጋቻት።

«ለእሱ የሠራሽው ነው?»

ፀሐይነሽ አዎ ብትል የሚያጋልጣት አልነበረም። አዎ ብትል ኖሮ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር፤ ከዚያም እንደ እናትና ልጅ ይኖሩ ነበር ይሆናል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይደለም» አለች። «ቀቅዬው ነው። ያኔ መቀቀል የነበረበትን ዛሬ ቀቀልኩት። ቀምዬው ነበር፣ የቀረ አልመሰለኝም። አንቺን ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ። ሁለት ቀንም አስተኝቼሽ ዝም አልኩ። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር እያሉ ይጣራሉ።

«አውቃለሁ» አለች አምሳለች። «አልጋ ላይ ተኝቼ ሳስበው ነበር የሰነበትኩት። ሲስተርም ጠይቃኝ ነበር፣ ባናው ተሰርቋል ወይ ብላ። ተሰርቋል አልኳት። እናቴን አሳልፌ ልስጥ?»

ፀሐይነሽ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። አምሳለች በእጇ አገደቻት።

«ተይ። አልጠላሁሽም፤ እኔም አምኜሽ ነው የገባሁት። ግን አሁን አንቺ ጎን መተኛት አልችልም፣ እማ ፀሐይ። ብችል ደስ ይለኝ ነበር።» ጨርቋን አጣጥፋ ሰጠቻት። «ይህን ውሰጂለት። ዝናብ ነው፣ ይበርደዋል።»

ፀሐይነሽ ሄደች። ከግንቡ ሥር እርጥቡን አፈር ከላይ ከላይ ገለጠች፣ ባናውን አለበሰችው፣ መልሳ ደፈነችው። ብዙ አልቆየችም፤ የእህል ገበያው ሳይበተን ነው የተመለሰችው። የአምሳለች ፌስታልና ጆንያ ከጥጉ ተነሥተዋል። «ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና አገኘችና ተሳፈረች» አላት ባዘዘው። «የሚጠብቃት ሰው አለ እንዴ?» ፀሐይነሽ እንደሌለ ታውቃለች።

ያ ካለፈ ሁለት ክረምት ሆነው። ሲስተር ወደ አገሯ ተዛወረች፤ ግርሻ በረንዳው ላይ አሁንም ይመጣል ይሄዳል። ፀሐይነሽ እዚያው ጥግ ላይ ናት። ልብሱን ይዞ ቅሚልኝ የሚላት ቢመጣ፣ ከሥሩ የተቆረጠውን የአውራ ጣቶቿን ጥፍር ታሳየውና ወደ በርሜሉ ትጠቁመዋለች። ማታ በጆንያ ተጠቅልላ ከግድግዳው ተጠግታ ትተኛለች፤ ከጎኗ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ይቀራል። ዝናብ ያባረረው አዲስ ሰው መጥቶ እዚያ ልተኛ ሲላት «ሰው አለበት» ትለዋለች።